ተማሪዎችን ለትምህርት ጉዞ ወደ ሮም ይዞ ለሚሄድ መምህር፦ ዝግጅቱ ከስድስት ኪሎ ይጀምራል

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ይዞ የሚሄድ መምህር አብዛኛውን ሥራውን የሚጨርሰው ቦሌ ከመድረሱ በፊት ነው። ይህ መመሪያ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ወደ ሮም የሚሄዱ የታሪክ፣ የቅርስ ጥበቃና የሥነ ሕንፃ ተማሪዎችን በማሰብ የተጻፈ ሲሆን፣ አብዛኛው ምክር ለሌሎች የአውሮፓ ከተሞችም ያገለግላል።

በቅድሚያ የቪዛውን ጊዜ ያስሉ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች የሸንገን ቪዛ (ጣሊያንን ጨምሮ በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ያነሡ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) መደበኛ የውሳኔ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን እንዲራዘምና የብዙ ጊዜ መግቢያ ቪዛ እንዳይሰጥ ተደርጓል። ስለዚህ በሚያመለክቱበት ወቅት የሚሠራበትን ደንብ ከኤምባሲው አጣርተው፣ ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ሊገባ የሚችል በመሆኑ፣ ቢያንስ ሦስት ወር ሲቀረው ያስገቡ። በጉዞው መካከል ለንደን ደርሶ የመመለስ ሐሳብ ካለም ከፕሮግራሙ ያውጡት፤ በአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ከሸንገን ክልል የወጣ ተማሪ ተመልሶ መግባት አይችልም።

ክፍያን በተመለከተ ብዙም የማይነገር መብት አለ። ለትምህርት የሚጓዙ ተማሪዎችና አብረዋቸው የሚሄዱ መምህራን በሸንገን የቪዛ ደንብ መሠረት ከቪዛ ክፍያ ነጻ ናቸው። የማመልከቻ መቀበያ ማእከሉ የአገልግሎት ክፍያ ሊጠይቅ ቢችልም፣ ዩኒቨርሲቲው በሚጽፈው የድጋፍ ደብዳቤ ላይ የጉዞው ዓላማ ትምህርት መሆኑ፣ የተማሪዎቹ ስምና የመምህሩ ኃላፊነት በግልጽ ካልሰፈረ ለእያንዳንዱ ሰው 90 ዩሮ ያለአግባብ ሊከፈል ይችላል። ከደብዳቤው ጋር ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና መድን፣ ከሸንገን ክልል ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል ፓስፖርትና የጋባዡ ተቋም ደብዳቤ ያስፈልጋሉ። የጣት አሻራ የሚሰጠው በአካል ስለሆነ፣ ክረምቱን ክፍለ ሀገር ቤተሰቡ ዘንድ የሚያሳልፍ ተማሪ ካለ ቀጠሮውን ከመያዝዎ በፊት ይጠይቁት።

የስም አጻጻፍ ትንሽ ነገር ቢመስልም ቡድንን የማሰናከል አቅም አለው። ገብረ መድኅን የተባለ ተማሪ በፓስፖርቱ ላይ ስሙ በአንድ ቃል፣ በትራንስክሪፕቱ ላይ በሁለት ቃል፣ በባንክ ደብተሩ ላይ ደግሞ በሌላ የላቲን ፊደል አጻጻፍ ሊገኝ ይችላል። የአያት ስም በአየር መንገዱ ቅጽ ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለሚገባም ትኬት ቆራጩ ሦስቱን ስሞች ያምታታል። መፍትሔው የሁሉንም ፓስፖርት ፎቶ ሰብስቦ አንድ ዝርዝር ማዘጋጀትና ደብዳቤውም፣ መድኑም፣ ትኬቱም ከዚያ ዝርዝር ብቻ እንዲቀዳ ማድረግ ነው።

ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ በብር የተሠራ በጀት በሁለት ወር ውስጥ ሊበላሽ ስለሚችል፣ በጀቱን በዩሮ ይሥሩ።

አንድ ሰው ሳይመለስ ቢቀርስ? ወላጅም፣ ዲኑም፣ ኤምባሲውም የሚያስበው ይህን ስለሆነ ጥያቄውን መሸፋፈን አይጠቅምም። አንዳንድ መሪዎች የተማሪዎችን ፓስፖርት ሰብስበው በሻንጣቸው መያዝን እንደ መፍትሔ ያዩታል፤ በእኔ እምነት ይህ ትክክል አይደለም። ፓስፖርቱ የተማሪው ሰነድ ነው፣ ፖሊስ መንገድ ላይ ሲጠይቀው ሊያሳየው ይገባል፣ መቅረት የቆረጠን ሰው ደግሞ የፓስፖርት አለመኖር አያቆመውም። ከዚህ ይልቅ ወላጆች በተገኙበት ስብሰባ የአንድ ሰው መቅረት ለቀጣዩ ዓመት አመልካቾች ምን እንደሚያስከትል በግልጽ ይነጋገሩ፤ እርስዎ ጋ ኮፒ ብቻ ይኑር።

ከዝግጅቱ ሁሉ እኔ የምመርጠው ግን በአንድ ቅዳሜ በመሀል አዲስ አበባ የሚደረገውን የሙከራ የእግር ጉዞ ነው። ስድስት ኪሎ በየካቲት 12 ሐውልት ሥር ተሰባስባችሁ፣ በአራት ኪሎና በፒያሳ አልፋችሁ፣ ቸርችል ጎዳናን ይዛችሁ እስከ ለገሀር ውረዱ። ቡድኑን አምስት አምስት አድርገው በመክፈል ለእያንዳንዱ አለቃ ይሰይሙ፤ በየማቋረጫው ቆጠራው በአለቆቹ በኩል ይምጣ። አራት ኪሎ ላይ ማኪያቶ ልጠጣ ብሎ የሚቀረው፣ ስልኩን እያየ መንገድ የሚያቋርጠው፣ ከእግሩ ሕመም የተነሣ ወደ ኋላ የሚጎተተው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ያን ቀን ነው። እነዚህን ነገሮች ሮም ላይ ማወቅ ዋጋው ከፍ ይላል።

ጉዞው የሥርዓት ልምምድ ብቻ እንዳይሆን ለእያንዳንዱ ተማሪ በአዲስ አበባና በሮም ጥንድ ቦታ ይስጡት፤ በሁለቱም ቦታ አሥር አሥር ደቂቃ ያስረዳል። ለምሳሌ በለገሀር አሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በወረራው ዘመን ተዘርፎ ሮም ቆይቶ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተመለሰ ነው። እዚህ ስለ አንበሳው የተናገረው ተማሪ ሮም ላይ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ብዙ በማይርቀው የዶጋሊ መታሰቢያ ሥር ይቀጥላል። መታሰቢያው በ1887 እ.ኤ.አ. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ድል ላደረጓቸው ወደ አምስት መቶ ለሚጠጉ የጣሊያን ወታደሮች የቆመ ሲሆን፣ በጣቢያው ፊት ያለው አደባባይም እስከ ዛሬ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። በየቀኑ ስንት መንገደኛ የሚያልፍበት ስም ከእኛ ታሪክ ጋር የተያያዘ መሆኑን ተማሪዎቹ ራሳቸው ሲያገኙት ክፍል ውስጥ ከሚሰጥ ገለጻ የበለጠ ይይዛቸዋል። ሌላው በቺርኮ ማሲሞ ሜትሮ ጣቢያ ወርዶ ፖርታ ካፔና ላይ ይቆማል። የአክሱም ሐውልት ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት የቆመው በዚያ፣ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት በሆነው ሕንፃ ፊት ነበር። በ1997 ዓ.ም. ወደ አክሱም ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. ዳግም ተተክሏል።

በፕሮግራሙ ላይ ሰዓት ሁሉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይጻፍ። «ሁለት ሰዓት እንገናኝ» ያሉት ተማሪ ጠዋት ይምጣ ከሰዓት በኋላ ማንም አያውቅም፤ 08:00 ተብሎ ሲጻፍ ግን ክርክር የለም። የሚጾሙ ተማሪዎች ካሉ ማሪናራ የሚባለው ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ ብቻ ያለበት፣ አይብ የማይገባበት መሆኑን አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ለሙስሊም ተማሪዎች ደግሞ ማረፊያው አካባቢ ሐላል የሚያቀርብ ቤት እንዲፈልግ ጋባዡን ተቋም ይጠይቁ። በክልል ባቡር ላይ የወረቀት ትኬት ሳይሳፈሩ በፊት በማሽን መመታት አለበት፤ ያልተመታ ትኬት ይዞ መገኘት ያስቀጣል። የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው፤ እያንዳንዱ ተማሪ ከማረፊያው አድራሻ ጋር በወረቀት ጽፎ ይያዘው፤ ስልክ ባትሪው ያልቃል፣ ይሰረቃልም።

በየማታው ደረሰኞችን ከአለቆቹ ይሰብስቡ፤ በጣሊያንኛ የተጻፈውን ደረሰኝ ፋይናንስ ክፍሉ ስለማያነበው በጀርባው ላይ ምን እንደተገዛ፣ ለስንት ሰውና በየትኛው ቀን እንደሆነ በአማርኛ ያስጽፉ። የመሳፈሪያ ካርዶችንም ቦሌ ላይ ከመበታተናችሁ በፊት ተቀብለው ከሒሳቡ ጋር ያያይዙ።