የራሳችሁን የዴስክቶፕ ዲስትሮ ልትሠሩ ነው? መጀመሪያ መስፈርቱን እንዲህ አጥሩ

የራሱን የሊኑክስ ዲስትሮ፣ ማለትም እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ሙሉ ሲስተም፣ ለመሥራት የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ከስሙና ከሎጎው ይጀምራል። ከዚያ ከነባሮቹ ዲስትሮዎች "መነሻችን ደቢያን ይሁን ፌዶራ?" የሚለው ክርክር ይከተላል። ስሙም ክርክሩም ሊቆዩ ይችላሉ። መቆየት የሌለበት ጥያቄ ሌላ ነው፦ ሲስተሙን ማን፣ በምን ዓይነት ኮምፒውተር ላይ፣ ምን ሊሠራበት ነው? መልሱ በጽሑፍ ካልሰፈረ የቡድኑ አባላት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሲስተም በልባቸው ይዘው ይከርማሉ።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንያዝ። በኢትዮጵያ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የኮምፒውተር ክፍል የሚሆን፣ አማርኛ በደንብ የሚጻፍበት ዲስትሮ ልንሠራ ነው እንበል።

1. ሰውየውንም ማሽኑንም ለዩ

"ለሁሉም ሰው የሚሆን" ካላችሁ ለማንም አይሆንም። በምሳሌያችን ሦስት ዓይነት ሰዎች አሉ። ተማሪው፣ ፈተና አዘጋጅቶ የሚያትመው አስተማሪ፣ እና ክፍሉን ሙሉ ኮምፒውተር የሚጭነውና የሚጠግነው የአይሲቲ ባለሙያ። "ምን ትፈልጋላችሁ?" ብላችሁ ብትጠይቋቸው "ፈጣን ይሁን" ይሏችኋል። አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ሲሠሩ ብታዩ ግን ፋይል ከስልክ ሲያዛውሩ ወይም ፕሪንተር ሲፈልጉ የት ላይ እንደሚቸገሩ ይገባችኋል።

ሰነድ ከማን ጋር እንደሚላላኩም ጠይቁ። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2003 ቢሮዎቿን ወደ ሊኑክስ ለማዞር ወሰነች፤ ሊሙክስ የተባለ የራሷን ሲስተምም ሠራች። በ2017 ግን ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነች። ውሳኔው ፖለቲካም ነበረበት፤ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር ሰነድ መለዋወጥ አስቸጋሪ ነው የሚለው ቅሬታም ነበር። አስተማሪያችን ፈተናውን በዎርድ ፋይል ለሌላ ሰው የሚልክ ከሆነ፣ ይህ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ መጻፍ አለበት።

ቀጥሎ ማሽኖቹን መዝግቡ፦ ራም፣ ፕሮሰሰር፣ ዲስክ፣ የዋይፋይ ካርድ፣ የፕሪንተር ሞዴል። አንድ መስመር ብቻ ብዙ ነገር ይወስናል። ባለ 32 ቢት ፕሮሰሰር ካለ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣውን ደቢያን 13 መነሻ ማድረግ አትችሉም፤ ለእነዚህ ማሽኖች መጫኛ አላወጣም። ራሙ 2 ጊጋባይት ከሆነ ግኖም የተባለው የዴስክቶፕ ገጽታ ይከብደዋል፤ ቀለል ያሉት ኤክስኤፍሲኢ ወይም ኤልኤክስኪውቲ ይሻላሉ።

2. ምኞትን ወደሚፈተን ነገር ቀይሩ

"አማርኛ ይደግፍ" ምኞት እንጂ መስፈርት አይደለም። እንዲህ ጻፉት፦ "አዲስ ተማሪ ሲስተሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍቶ፣ ምንም ሳይጭን፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ አንድ አንቀጽ በአማርኛ ጽፎ በፒዲኤፍ ማስቀመጥ ይችላል።" ይሄ ወይ ያልፋል ወይ ይወድቃል። አንድ ተማሪ አስቀምጣችሁ ማየት ነው።

ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጥያቄ ይጎትታል። እንደ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ያለ ፎንት አብሮ ይመጣል? ኪቦርዱ በላቲን ፊደሎች ድምፅ የሚጻፍበት ("se" ሲመታ "ሰ" የሚወጣበት) ነው ወይስ ሌላ? ሜኑው ራሱ ይተረጎማል ወይስ መጻፍ መቻሉ ይበቃል? የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ደግሞ ፎንቱ ከሌለ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ይታያሉ። እነሱን መቀየሪያ ያስፈልጋል? ሰዓቱስ ላይ ባለ 13 ወሩ የእኛ ዘመን አቆጣጠር ይታያል? መልሳችሁ "አይ" ሊሆን ይችላል። ግን መልስ ይኑራችሁ።

3. መብራቱንና ኢንተርኔቱን አትርሱ

ይህን ክፍል ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከሁሉም አስበልጠዋለሁ። አፕዴት እየተጫነ መብራት ቢጠፋስ? በደቢያን ዓይነት ሲስተም ፓኬጆች (የሶፍትዌር ጥቅሎች) በግማሽ ተጭነው ሊቀሩ ይችላሉ። የሚያስተካክል ትዕዛዝ አለ፤ ትዕዛዙን የሚያውቅ ሰው ግን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ላይኖር ይችላል። እንደ ፌዶራ ሲልቨርብሉ ያሉት ዲስትሮዎች ግን አዲሱን ስሪት ለብቻው ያዘጋጁና ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ ወደዚያ ይሻገራሉ። ችግር ከመጣ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። በምትኩ ተጨማሪ የዲስክ ቦታ ይፈልጋሉ። የትኛውን እንደምትመርጡ የሚነግራችሁ በመጀመሪያው ደረጃ የመዘገባችሁት የዲስክ መጠን ነው።

ኢንተርኔትም እንዲሁ። "ሲስተሙ ያለ ኢንተርኔት ከፍላሽ ላይ ሙሉ በሙሉ ይጫናል" ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ፎንቱም፣ ኪቦርዱም፣ ሊብሬኦፊስ የተባለው የቢሮ ሶፍትዌርም አይኤስኦው (የመጫኛው ፋይል) ውስጥ መግባት አለባቸው። የፋይሉን መጠንም ያኔውኑ ወስኑ።

4. ሦስት ዓምድ አስምሩ

ግድ የሚሉ፣ ቢኖሩ ጥሩ የሆኑ፣ የማንሠራቸው። ሦስተኛውን አታሳጥሩት። ጌም፣ የራሳችን ብሮውዘር፣ የራሳችን አፕ ስቶር... በስም ጻፏቸው። በኋላ "ይሄንንም እንጨምር" የሚል ሲመጣ ወረቀቱን ታሳያላችሁ።

5. ማን እንደሚንከባከበው ጻፉ

ዲስትሮ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። የሚደገፈው ለስንት ዓመት ነው? ኡቡንቱ የተባለው ዲስትሮ አንድ ኤልቲኤስ (የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው) ስሪት ለ5 ዓመት መደበኛ ድጋፍ አለው፤ የፌዶራ 13 ወር ገደማ ነው። ዓመት በመጣ ቁጥር ኮምፒውተሮቹን በሙሉ ወደ አዲስ ስሪት የሚያሻግር ሰው ከሌላችሁ የፌዶራ ነገር አብቅቷል። ከመነሻው ቀይራችሁ የራሳችሁ ያደረጋችሁት ፓኬጅ ሁሉ የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝበት የምትደፍኑት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ የምትቀይሩትን አሳንሱ። ኃላፊነቱንም በሰው ስም ጻፉ፤ "ቡድኑ" ከተባለ ማንም አይሠራውም።

6. ዝርዝሩን ይዛችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ

በእርግጥ አዲስ ዲስትሮ ያስፈልጋል? "ግድ" ባላችሁት ዓምድ ያለው ፎንት፣ ኪቦርድና ጥቂት ማስተካከያ ብቻ ከሆነ፣ ደቢያን ላይ የሚጫን አንድ ፓኬጅ ይበቃል። ተማሪው ያው ጥቅም ያገኛል፤ እናንተም ከብዙ ሸክም ትድናላችሁ። አይ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚጫን አይኤስኦ የግድ ነው ካላችሁ፣ ላይቭ-ቢልድ በተባለው የደቢያን መሣሪያ የመጀመሪያውን ሙከራ አውጡ። ከመዘገባችኋቸው ማሽኖች ሁሉ ደካማው ላይ ጫኑትና በቁጥር 2 የጻፋችሁትን ፈተና ለአንድ ተማሪ ስጡት።