ወጣት የቤዝቦል ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ስታዩ ከፍጥነት ሰሌዳው ሌላ ምን ታያላችሁ?

ማይነር ሊግ (ከዋናው ሜጀር ሊግ በታች ያሉት ማሳደጊያ ሊጎች) ሜዳ ገብቶ መጀመሪያ ዓይኑ የፍጥነት ሰሌዳው ላይ የማይተከል ሰው የለም። ልጁ ወረወረ፣ ሰሌዳው በሰዓት 98 ማይል አለ፣ ሕዝቡ «ኡ!» አለ፣ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰውዬ ደግሞ ቢራውን እንደያዘ «ይሄ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ሜጀር ሊግ ነው» ብሎ ፈረደ። ተዉት። ፍጥነት ጥሩ ነገር ነው፣ ያለሱ መንገዱ ይከብዳል፤ ግን ዛሬ 98 የሚወረውር ልጅ ብርቅ አይደለም። ሜጀር ሊግ ላይ የፋስትቦል (የፈጣኑ ቀጥተኛ ኳስ) አማካይ ፍጥነት ራሱ 94 ማይል አካባቢ ደርሷል። ልጁን ከእኩዮቹ የሚለየው ፋስትቦሉ አልሠራ ሲለው የሚወረውረው ኳስ ነው።

መሰላሉን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ከታች ፍሎሪዳና አሪዞና ላይ የጀማሪዎች ሊጎች አሉ፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክም አንድ አለ። ከዚያ ሲንግል-ኤ፣ ሃይ-ኤ፣ ደብል-ኤ፣ ትሪፕል-ኤ፣ ከዚያ ሜጀር ሊግ። ዲሲ አካባቢ ላላችሁ፣ የዋሽንግተን ናሽናልስ ልጆች ከፍሬድሪክስበርግ ተነስተው በዊልሚንግተን፣ በሃሪስበርግና በሮቸስተር በኩል ይወጣሉ። ፍሬድሪክስበርግ በ95 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ነው፤ ትራፊኩን ከቻላችሁት። በእኔ ግምት ከባዱ ዝላይ ወደ ደብል-ኤ ያለው ነው። እዚያ ያሉት መቺዎች ያገኙትን ሁሉ አይመቱም፣ ይጠብቃሉ። ታች ሳለ ሲያሳድዱለት የኖሩትን ስላይደር (ወደ ጎን የሚሸሽ ኳስ) እዚህ ዝም ብለው ሲያሳልፉት ስንቱ ልጅ ግራ ይጋባል መሰላችሁ።

ስለዚህ ቁጥር ከማየታችሁ በፊት ዕድሜ እዩ። ሦስት ዓመት ኮሌጅ ተጫውቶ የመጣ የ22 ዓመት ፒቸር ሲንግል-ኤ ላይ የ18 እና የ19 ዓመት ልጆችን ቢያርበደብድ አይግረማችሁ፣ ሥራው ነው። ደብል-ኤ ላይ በ19 ዓመቱ መካከለኛ ቁጥር ያለው ልጅ ግን ቀልቤን ይስበዋል። ከእሱ በአራትና በአምስት ዓመት የሚበልጡ ሰዎችን እየገጠመ ነዋ!

ኢአርኤውን (ፒቸሩ በ9 ኢኒንግ በአማካይ በራሱ ጥፋት ያስገባው ነጥብ፤ ኢኒንግ የጨዋታው አንድ ዙር ነው) ደግሞ አትመኑት። እሺ፣ እዩት፣ ግን በሱ አትፍረዱ። ታችኛው ሊግ ላይ ከኋላው የቆሙት ተከላካዮችም ገና እየተማሩ ያሉ ልጆች ናቸው፤ ቀላል ኳስ ያመልጣቸዋል፣ የተከላካይ ስህተት ተብሎ ካልተመዘገበ ጥፋቱ ፒቸሩ ቁጥር ላይ ያርፋል። ሜዳውም ይለያያል። ለምሳሌ አልበከርኪ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ለአዲስ አበባ ልጅ ይሄ ቆላ መውረድ ነው፣ ለቤዝቦል ግን አየሩ ሳስቶ የተመታው ኳስ ይበርራል፣ ከርቭቦሉም እንደልቡ አይታጠፍም። እዚያ ኢአርኤው ያበጠ ፒቸር ሌላ ሜዳ ላይ ደህና ሊሆን ይችላል።

ታዲያ በምን እንፍረድ? እኔ መጀመሪያ የማየው ስትራይክአውት (መቺውን በሦስት ስትራይክ ማስወጣት) ሲቀነስ ዎክ (አራት ጊዜ ከክልሉ ውጪ፣ ማለትም ቦል፣ ወርውሮ መቺውን በነጻ ማሳለፍ) ነው። ሁለቱም ላይ ተከላካዮች ስለማይገቡ አብዛኛው የልጁ ሥራ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከገጠማቸው 100 መቺዎች ውስጥ 30ውን በስትራይክአውት ከመለሰና 8ቱን በዎክ ካሳለፈ ውጤቱ 22 ነው። ሜጀር ሊግ ላይ በቅርብ ዓመታት አማካዩ 22 ገደማ ስትራይክአውት፣ 8 ገደማ ዎክ ነው፤ ማለትም 14 ይቀራል። ማይነር ሊግ ላይ ወጣት ሆኖ ከ20 በላይ የያዘ ልጅ ካገኛችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩት። በ9 ኢኒንግ የሚሰላውን የስትራይክአውት ቁጥር ተዉት፤ ብዙ ሰው እያሳለፈ ኢኒንጉን የሚያስረዝም ፒቸር ብዙ መቺ ስለሚገጥመው ስትራይክአውቱም የበዛ ይመስላል።

ዎክን የምትንቁ ካላችሁ ስቲቭ ዳልኮውስኪን አስታውሱ። የባልቲሞር ኦሪዮልስ ልጅ ነበር። ከሱ በላይ የፈጠነ ሰው አላየንም የሚሉ ብዙ ነበሩ። በ1960 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ስቶክተን፣ ካሊፎርኒያ ላይ በ170 ኢኒንግ 262 ሰው በስትራይክአውት መለሰ። ጉድ ነው አይደል? በዚያው 170 ኢኒንግ 262 ሰው በዎክ አሳለፈ። ሜጀር ሊግ ላይ አንዲት ኳስ ሳይወረውር ቀረ። ሼን ቢበርን ደግሞ ተመልከቱ። በድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየዙሩ በሚመርጡበት) የተመረጠው በ2016 አራተኛው ዙር ላይ ነው፣ ማንንም የሚያስደነግጥ ፍጥነት አልነበረውም። በ2017 ግን ማይነር ሊግ ላይ በ173 ኢኒንግ በዎክ ያሳለፈው 10 ሰው ብቻ ነበር። በ2020 ሳይ ያንግን (የዓመቱ ምርጥ ፒቸር ሽልማት) ወሰደ።

አሁን ወደ ሜዳው እንሂድ። ከሆም ፕሌት (መቺው ከሚቆምበት) ጀርባ ተቀመጡ። ማይነር ሊግ ላይ ይህ ወንበር ኪስ አይጎዳም፣ ኳሱ ግራ ቀኝ ሲሄድ የሚታየውም ከዚያ ብቻ ነው። ሰሌዳውን ለአንድ ኢኒንግ እርሱትና የካቸሩን (የኳስ ተቀባዩን) ጓንት ተከተሉ። ካቸሩ ጓንቱን ወደ ውጪ ዝቅ አድርጎ ዘርግቶ ኳሱ ወደ ውስጥ ከፍ ብሎ ከመጣ፣ ዳኛው ስትራይክ ቢልም ልጁ አልሞ አልወረወረም። ስትራይክ መወርወር አንድ ነገር ነው፣ ካቸሩ የጠየቀበት ቦታ ማድረስ ሌላ። ታች ያሉት መቺዎች ይህን ስህተት ይምሩታል፣ ላይ ያሉት ግን አጥር ያሻግሩታል።

ቀጥሎ ሁለት ቦል፣ ዜሮ ስትራይክ ላይ ሲደርስ ጠብቁ። በዚህ ሰዓት መቺው ፋስትቦል እንደሚመጣለት እርግጠኛ ሆኖ ቆሟል፣ እናንተም፣ ቢራ የያዘው ሰውዬም ጭምር። ልጁ እዚህ ላይ ቼንጅአፕ ወይም ከርቭቦል ለስትራይክ ከወረወረ ስሙን ጻፉት። በፋስትቦሉ ብቻ ለመውጣት የሚታገል ከሆነ ደግሞ ያንንም ጻፉ። ቼንጅአፑን ስታዩ ክንዱን እዩ። ከፋስትቦሉ 8 ወይም 10 ማይል የዘገየ ኳስ ነው፣ ክንዱ ግን በዚያው ፍጥነት መምጣት አለበት። ክንዱን ቀዝቀዝ ካደረገው ጥሩ መቺ ኳሱ ከእጁ ሳይወጣ ያውቅበታል። ጥሩ ቼንጅአፕ መሆኑን ራሱ መቺው ይነግራችኋል፦ የፊት ጉልበቱ ቀድሞ ይታጠፋል፣ ዱላው ደግሞ ኳሱ ሳይደርስ አየሩን ቀዝፎ ያልፋል።

ይህ ኳስ በተለይ የሚያስፈልገው በተቃራኒው በኩል ለሚቆሙ መቺዎች ነው። የቀኝ እጅ ፒቸር ስላይደር ከቀኝ መቺ ይሸሻል፣ ወደ ግራ መቺ ግን ራሱ ይመጣለታል። ስለዚህ ቀኞችን እያራወጠ ግራዎች የሚያሸንፉት ልጅ ስታዩ፣ ጀማሪ ፒቸር (ጨዋታውን የሚከፍተው) መሆኑ ያጠራጥራል። መጨረሻው በአንድ ወይም ሁለት ኢኒንግ የሚገባ ተቀያሪ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ቢሆን ደህና እንጀራ ነው።

የፊት እግሩን እዩ። በእያንዳንዱ ውርወራ ማውንዱ (ፒቸሩ የሚቆምበት ጉብታ) ላይ አንድ ቦታ ያርፋል ወይስ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ? አፈሩ ላይ ያለውን ጉድጓድ አትመልከቱ፣ ማውንዱን የሌላው ቡድን ፒቸርም ስለሚጋራው ያሳስታችኋል፤ እግሩን ራሱን ተከተሉ። ማረፊያው የሚዋልል ልጅ ክንዱ ሰዓቱን ይስታል፣ ዎኩ ከዚያ ይመጣል። ሰው ቤዝ (የሯጭ ማረፊያ) ላይ ሲቆምበትና አጠር ባለው አወራወር ሲወረውርም እንዲሁ አስተውሉ። አንዳንዱ ባዶ ቤዝ ላይ ንጉሥ ነው፣ አንድ ሰው ሲያልፍበት ሌላ ሰው ይሆናል።

ፍጥነቱን የምጽፈው በአንደኛውና በአምስተኛው ኢኒንግ ነው። የ10 ሺህ ሜትር ሩጫን የመጀመሪያ ዙር ብቻ አይቶ አሸናፊውን የሚናገር የለም መቼም። 97 ጀምሮ አምስተኛው ላይ 92 የሚወርድ ልጅና ከ94 እስከ 93 የሚቆይ ልጅ ሰሌዳው ላይ ሲታዩ የመጀመሪያው ይበልጣል፣ ጀማሪ አድርጌ የምመርጠው ግን ሁለተኛውን ነው።

ሜዳ መሄድ ለማይመቻችሁ፣ የትሪፕል-ኤ እና የፍሎሪዳው ሲንግል-ኤ ሊግ የእያንዳንዱ ውርወራ መረጃ ቤዝቦል ሳቫንት የተባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ አለ። ፍጥነቱን፣ ኳሱ ስንት ኢንች እንደታጠፈ፣ መቺዎቹ ስንቴ እንደሳቱት ሁሉ ታያላችሁ። 94 ሆኖ የማይወድቅ የሚመስል፣ መቺዎች ከሥሩ የሚቀዝፉት ፋስትቦል ከቀጥተኛው 97 ሊሻል እንደሚችል የምታረጋግጡት እዚያ ነው። ስካውቶች (ተጫዋች መልማዮች) ከ20 እስከ 80 በሚለው መለኪያ ሲጽፉ ደግሞ 50 ማለት የሜጀር ሊግ አማካይ ነው። የልጁ ቼንጅአፕ 40 ተብሎ ወደፊት 55 ይደርሳል ከተባለ 55ቱ ተስፋ ነው፣ እጅ ላይ ያለው 40ው ነው።

ስለ ክርን ጉዳት ሳላነሳ አልለፍ። ዶክተር ፍራንክ ጆብ በ1974 ለፒቸሩ ቶሚ ጆን ካደረጉለት ጀምሮ የክርን ጅማት ቀዶ ጥገናው በሱ ስም ይጠራል፤ ለመመለስ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴ አንድ ዓመት ተኩል ይፈጃል። ፒቸሩ ታሪክ ስኩባል ኮሌጅ ሳለ ተደርጎለታል፤ በ2018 ዘጠነኛ ዙር ላይ ተመርጦ በ2024 እና በ2025 ሳይ ያንግ ወሰደ። ጄኮብ ዴግሮምም በ2010 ዘጠነኛ ዙር ላይ ተመርጦ ብዙም ሳይቆይ ይኸው ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል፣ ያውም ኮሌጅ የገባው ሾርትስቶፕ (የውስጥ ሜዳ ተከላካይ) ሆኖ ነው። በሌላ በኩል በ2013 ከሁሉ ቀድሞ የተመረጠው ማርክ አፔል ሜጀር ሊግ የረገጠው በ2022 ነው። ስለዚህ ቀዶ ጥገና ያደረገ ልጅን አትሰርዙት። የሚያሳስበኝ ያለ ምክንያት ሁለትና ሦስት ማይል የወረደ ፍጥነት ነው፣ ከዚያ «ለጥንቃቄ» ተብሎ አንድ ተራ የተዘለለ እንደሆነ ደግሞ ጆሮዬ ይቆማል።

ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የዕለቱ ጀማሪ ማን እንደሆነ ከቡድኑ ገጽ ላይ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታው ከማክሰኞ እስከ እሑድ ነው፣ ሰኞ ዕረፍት፤ ጀማሪ ፒቸር በሳምንት አንዴ ገደማ ነው የሚገባው። ማክሰኞ ያያችሁት ልጅ የሳምንቱ ማክሰኞ ወይም እሑድ ላይ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ ሁለቴ እዩት፣ የተቻለ እንደሆነ ሁለተኛውን ግራ መቺ የሚበዛበት ቡድን ላይ።