አቡጀዲ ቀብሮ የጫካና የግጦሽ አፈርን ማነጻጸር፦ እንዴት ይሰራል?

ካቻምና ሐምሌ መግቢያ ላይ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የግጦሽ መስክ ነጭ ጨርቅ ስቀብር እረኞች አዩኝ። ያኔ ምንም አላሉም። ከሦስት ቀን በኋላ ስመለስ ጉድጓዱ ተቆፍሯል፤ ጨርቁም ቁጥቋጦ ላይ ተሰጥቷል። ልጆቹ ወርቅ የቀበርኩ መስሏቸው ኖሯል። "ጋሼ፣ ጨርቅ ብቻ ነው እኮ ያለው!" አለኝ አንዱ፣ እንደማዘን ብሎ።

የቀበርኩት ምሳ ነው። በዓይን የማይታዩት የአፈር ነዋሪዎች፣ ባክቴሪያውና ፈንገሱ፣ ጥጥ ይበላሉ። አንድ የሻይ ማንኪያ ጥሩ አፈር ውስጥ እስከ አንድ ቢሊዮን ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። እነሱን ማየት ባንችል የበሉትን ማየት እንችላለን። ሥራው ዶማ፣ አቡጀዲና ሁለት ወር ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ሌላው ቀላል ነው።

ከመቆፈራችን በፊት ግን የምንፈልገውን እንወቅ። ጫካ ተመንጥሮ ግጦሽ ሲሆን አፈሩ "ይሞታል" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። በብራዚል ሮንዶኒያ ግዛት፣ የአማዞን ደን ተቃጥሎ የከብት መስክ በሆነበት ቦታ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ያገኘው ሌላ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቆሞ ለሚቆጥር ሰው የግጦሹ አፈር የባክቴሪያ ዓይነት አላነሰም፤ እንዲያውም በልጧል። የጠፋው በቦታና በቦታ መካከል የነበረው ልዩነት ነው። በደኑ ውስጥ እዚህና እዚያ ያለው አፈር የየራሱ ነዋሪ ነበረው። በግጦሹ ግን የትም ብትሄዱ የምታገኙት ያንኑ ነው።

ነገሩ እንደ ገበያ ነው። ሦስት ነጋዴዎች አሉ እንበል። አንዷ ቅመም፣ አንዱ የብረት ዕቃ፣ ሌላው ጨርቅ ይሸጣሉ። እያንዳንዳቸው አሥር ዓይነት ዕቃ ቢኖራቸው ገበያው ሠላሳ ዓይነት አለው። አሁን በእነሱ ቦታ ሦስት ሱቆች ተከፈቱ። እያንዳንዱ አሥራ አምስት ዓይነት ዕቃ አለው፣ ግን ሦስቱም ያንኑ ብስኩት፣ ያንኑ ሳሙና፣ ያንኑ ባትሪ ነው የሚሸጡት። አንዱን ሱቅ ብቻ ያየ ሰው "ዕቃው በዝቷል" ይላል። የገበያው ዕቃ ግን በግማሽ ቀንሷል።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ደኑ ሲቃጠል አመዱ የአፈሩን አሲድነት ይቀንሳል። የትኛው ባክቴሪያ የት እንደሚኖር ከሚወስኑት ነገሮች ደግሞ አሲድነት ዋነኛው ነው። በዚያ ላይ የብዙ መቶ ዓይነት ዛፍ ቅጠል ይረግፍበት በነበረው መሬት ላይ አንድ ዓይነት ሳር ይዘራል። አማዞን ላይ የሚዘራው ብራኪያሪያ የሚባለው ሳር ከእኛው አህጉር፣ ከአፍሪካ የሄደ መሆኑ ይገርመኛል።

የእኛ የጥድና የወይራ ጫካ የአማዞን ደን አይደለም፤ እዚያ የተገኘው እዚህ ይደገማል ብዬ አልምልም። ግን ጥያቄውን ተውሰን መሞከር እንችላለን።

አንደኛ፦ ቦታ መምረጥ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ አብዛኛው ስህተት የሚሰራው እዚህ ነው። ጫካውና ግጦሹ ጎረቤት መሆን አለባቸው። ከፍታቸው፣ ተዳፋታቸውና የአፈራቸው ቀለም ይመሳሰል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሐረጎን ተጠማዝዛችሁ ስትወርዱ ግን ሹራባችሁን ታወልቃላችሁ። ደሴ ካለው የጦሳ ተራራ ሥር የጫካ አፈር፣ ኮምቦልቻ ካለው የቦርከና ወንዝ ዳር የግጦሽ አፈር ብታነጻጽሩ የለካችሁት ሙቀትን ነው።

ኮምቦልቻ ለሚኖር ሰው የጎፍ ቅርብ ነው፤ ጥበቃ ያለበት ደን ስለሆነ ግን ፈቃድ ጠይቁ። የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ዛፎችም ጥሩ ናቸው፤ እነሱንም ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አትንኩ። ባሕር ዛፍ ግን ጫካ ብላችሁ እንዳትቆጥሩ። በአፄ ምኒልክ ዘመን የመጣ እንግዳ ነው፤ እሱም በበኩሉ አንድ ዓይነት ቅጠል ብቻ ነው የሚያረግፍ።

ግጦሹ በእርግጥ ጫካ እንደነበር ሽማግሌ ጠይቁ። "አባባ፣ ይህ መስክ ድሮ ጫካ ነበር እንዴ?" ብዬ የጠየቅኳቸው አዛውንት "እኔ ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ ጅብ ይውልበት ነበር" አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ሰነድ አላገኘሁም።

ሁለተኛ፦ ጨርቁ

ግማሽ ሜትር አቡጀዲ ይበቃል። ቴትሮን እንዳይሸጡላችሁ አንድ ክር መዝዛችሁ ለኩሱ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል፤ ቴትሮን ይቀልጥና ጠጣር ፍሬ ይሠራል። አዲስ አቡጀዲ ስታርች አለበት፣ ስታርቹም ለባክቴሪያ ጣፋጭ ነው። ስለዚህ ያለ ሳሙና በፈላ ውሃ እጠቡት። ከዚያ 10 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ስድስት ቁራጮች አውጡ፤ ሰባተኛውን ለማመሳከሪያ ቤት አስቀምጡ። ምልክት የምታስሩበት ገመድ ናይለን ይሁን። ሲባጎ ካሰራችሁ እሱም ይበላል።

ሦስተኛ፦ መቅበር

ሦስቱን ጫካ፣ ሦስቱን ግጦሽ። በየአንዳንዱ ጉድጓድ መካከል ቢያንስ 50 እርምጃ ይኑር። በመጀመሪያው ዓመት በየቦታው አንድ አንድ ብቻ ነበር የቀበርኩት፤ ያ ማለት አንድ ሱቅ አይቶ ስለ ገበያው ማውራት ነው። ቀጥ ያለ ስንጥቅ በዶማ ክፈቱ፣ ጨርቁን ቁመቱን ይዛችሁ አቁሙት፣ ጫፉ ከመሬት ሁለት ጣት ዝቅ ይበል። አፈሩን በእግር ጠቅጥቁ፤ አየር ከቀረ ጨርቁ ከአፈሩ ጋር አይነካካም። እበት ካለበት ቦታ ራቁ።

ሐምሌ 1 ከቀበራችሁ ጳጉሜ 1 ልክ 60 ቀን ይሞላል። ዝናቡም ያኔ ነው። ቦታውን በስልካችሁ ካርታ ላይ መዝግቡ። ቀይ ጨርቅ እንጨት ላይ አትስቀሉ፤ የእኔን ወርቅ ያስቆፈረው እሱ ነው። እረኞቹንም ቀድማችሁ አስረዱ። እኔ በሁለተኛው ዓመት አስረድቼ ጠባቂዎቼ ሆኑ።

አራተኛ፦ እስኪደርስ

በሁለቱም ወገን ክዳኑና ታቹ የተቆረጠ የወተት ጣሳ መሬት ውስጥ ትንሽ አስገብታችሁ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጨምሩ፤ ለመስረግ የወሰደውን ጊዜ ያዙ። ከብት የረገጠው አፈር ብዙ ጊዜ ውሃውን ቶሎ አይቀበልም፤ አየርም እንደዚያው ይቸግረዋል። አማዞን ላይ ሚቴን የተባለውን ጋዝ ይስብ የነበረው የደን አፈር ግጦሽ ሲሆን ሚቴን አመንጪ እንደሚሆን ታይቷል። ይህን በጣሳ አንለካም። እግረ መንገዳችሁን አፈሩን አሽትቱት። ያ የመጀመሪያ ዝናብ ሽታ ከባክቴሪያ የሚወጣ ጂኦስሚን የተባለ ነገር ነው።

አምስተኛ፦ ማውጣትና መቁጠር

ጨርቁን ስባችሁ አታውጡት፤ ይበጣጠሳል። ዙሪያውን ቆፍራችሁ ከነአፈሩ አንሱት። ሳፋ ውስጥ ነክራችሁ አለቅልቁት እንጂ አትሹት። ጥላ ላይ አድርቁ። በሚያሳይ የደብተር ላስቲክ ላይ ባለ አንድ ሴንቲ ሜትር ካሬዎች አስምሩ፣ ለአንድ ቁራጭ 200 ይሆናሉ። ላስቲኩን ጨርቁ ላይ አድርጋችሁ ከግማሽ በላይ የተበሉትን ካሬዎች ቁጠሩ። ጉድጓዱን ደግሞ መልሳችሁ ድፈኑ፤ የሰው ላም እግር እንዳትሰብሩ።

ስድስተኛ፦ ማንበብ

ለምሳሌ ከጫካው 170፣ 40 እና 95 ካሬ ተበላ እንበል፤ ከግጦሹ 130፣ 120 እና 125። አማካዩን ብቻ ካወጣችሁ ግጦሹ ይበልጣል፤ አፈሩ ተሻለ ትላላችሁ። አሁን ትልቁን ከትንሹ ቀንሱ። በጫካው 130 ይመጣል፣ በግጦሹ 10። እኔ የማየው ይህን ሁለተኛውን ስሌት፣ የቦታና የቦታን ልዩነት ነው።

ጨርቁ የሚነግራችሁ ጥጥ በሊታዎቹ እንዴት እንደሠሩ ነው፤ የነዋሪዎቹን ስም አይነግርም። ስማቸውን ለማወቅ ከአፈሩ ዲኤንኤ አውጥቶ ማንበብ ያስፈልጋል፤ የብራዚሉ ጥናት ያደረገው ይህንኑ ነው። ስድስት ጨርቅ ደግሞ ጥቂት ነው። ሁለትና ሦስት ጥንድ ቦታ ብትሠሩ ይሻላል።

መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጨምሩ። ባለሙያው የሚፈልገውን ያያል፤ እኔም ጨምሮ። ስለዚህ መለያውን ደብቃችሁ ስድስቱን ጨርቅ ለማያውቅ ሰው ስጡና ይመድብ። እኔ ገመድ ላይ ሰቅዬ ወርቅ ፈላጊውን ልጅ ጠራሁት። "የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርግልኝ" አልኩት። ሦስቱን ወዲያው ለይቶ "እነዚህ መንትዮች ናቸው" አለ። ከሦስቱ ሁለቱ የግጦሽ ነበሩ። ሦስተኛዋ ከጫካው ዳር፣ ከብት ከሚያልፍበት መንገድ አጠገብ የቀበርኳት ናት። ዘንድሮ ሐምሌ 1 ሌላ ጨርቅ እዚያው ቀብሬያለሁ፣ አንዱን ደግሞ ወደ ውስጥ መቶ እርምጃ ገብቼ።