ሳን ማሎን ከልጆች ጋር በአንድ ቀን ለማየት

በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ ወዳለችው የባህር ዳር ከተማ ሳን ማሎ መሄድ ያሰበ ቤተሰብ ከአየር ትንበያው በፊት ማየት ያለበት የዛን ቀን ባህሩ ስንት ሰዓት እንደሚሞላና ስንት ሰዓት እንደሚጎድል ነው፣ ፈረንሳዮቹ «ማሬ» ይሉታል ሰንጠረዡም ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። ሐይቅ ለለመደ ሰው ይሄ ምን ያካብዳል ያስብላል ግን እዚህ በሙሉና በጎደሎው መሀል ያለው ልዩነት 12 ሜትር የሚደርስበት ቀን አለ፣ ጠዋት ልጆቹ ኳስ ሲያንከባልሉበት የነበረው አሸዋ ከሰዓት የለም በቃ። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ስለሚገፋ የትላንቱን ይዛችሁ እንዳትወጡ። ደግሞ የተፃፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ 14 ሰዓት ካለ በኛ ከቀኑ 8 ነው፣ ከሀገር ቤት የመጡ አያት አብረው ካሉ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከቻላችሁ ውሃው እኩለ ቀን አካባቢ የሚጎድልበትን ቀን ምረጡ።

ከፓሪስ ሞንፓርናስ ጣቢያ ቀጥታ ቴጄቬ (ፈጣኑ ባቡር) አለ፣ ጉዞው ከ2 ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ከባቡሩ ወርዳችሁ አሮጌውን ከተማ እስከከበበው ግንብ ደግሞ በእግር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። በመኪና የመጣ ከግንቡ ውጪ ያቁም፣ ውስጡ ጠባብ የድንጋይ መንገድ ነው።

በሳን ቫንሳን በር ገብታችሁ ደረጃውን ውጡና ግንቡን ከላይ ዙሩት፣ ነፃ ነው ሙሉው ዙር 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደረጃ ስላለ ስትሮለር ስቃይ ነው፣ ህፃን ያለው አንቀልባ ይያዝ። ልጆቹ መሰላቸት ሲጀምሩ የውሾቹን ታሪክ አውሩላቸው፣ ድሮ ውሃው ሲጎድል መርከቦቹ አሸዋ ላይ ስለሚቀሩ ሌባ እንዳይደፍራቸው ማታ ማታ ትላልቅ ውሾች ይለቀቁ ነበር፣ እስከ 1770 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ሱርኩፍ የሚባለው የፈረንሳይ መንግስት ፈቃድ ይዞ የእንግሊዝን መርከብ ሲዘርፍ የኖረው ሰውዬም ሐውልቱ እዛው ነው፣ እጁን ወደ እንግሊዝ ቀስሮ ቆሟል። የነገስታት ዘመን የሚመስሉት ቤቶች ግን አብዛኞቹ አዲስ ናቸው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1944 ግንቡ ውስጥ ያለው ከተማ 80 ከመቶ ገደማ ወድሞ እንደገና ነው የተሰራው። እኔ እንደውም ይሄን ሳውቅ ነው ከተማውን ይበልጥ የወደድኩት።

ውሃው ሲጎድል ወደ ቦን ሴኩር ባህር ዳርቻ ውረዱ፣ ከዛ ወደ ግራን ቤ ደሴት የሚወስድ መንገድ ከውሃው ስር ብቅ ይላል። ደሴቱ ላይ ደራሲው ሻቶብሪያን ተቀብሯል፣ በ1848 ነው የሞተው፣ መቃብሩ ላይ ስሙ እንኳን የለም የድንጋይ መስቀል ብቻ ነው። መንገዱ በባህር ሳር የተሸፈነበት ቦታ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ነጠላ ጫማ አይሆንም። ዋናው ነገር ግን መመለሻው ነው፣ ውሃው መሙላት ከጀመረ ሳትዘገዩ ተመለሱ፣ መንገዱ ከተዘጋባችሁ ደግሞ «ጉልበቴ ድረስ ነው» ብላችሁ ልጅ አዝላችሁ እንዳትገቡ፣ እዛው ደሴቱ ላይ ሆናችሁ ጠብቁ፣ ወደ 6 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል ግን ከመወሰድ ይሻላል። ፎር ናሲዮናል የሚባለው ምሽግም እንደዛው ነው፣ ባንዲራው ከተሰቀለ ክፍት ነው ማለት ነው። መዋኘት ለሚፈልጉ ልጆች ቦን ሴኩር ላይ የባህር ውሃ የሚጠራቀምበት ገንዳ አለ፣ ባህሩ ሸሽቶ ሲሄድም ገንዳው ሞልቶ ይቆያል።

ምሳ ጋሌት ነው፣ ባክዊት ከሚባል እህል ጥቁር ዱቄት የሚጋገር ስስ ቂጣ ውስጡ እንቁላልና አይብ ያለው። «ኮምፕሌት» ያላችሁ እንደሆነ ግን ጃምቦን ይገባበታል፣ አሳማ ነው፣ ስለዚህ «ሳን ጃምቦን» (ያለ ጃምቦን) በሉ። ቅቤም አይሰስቱም፣ ፆም ከሆነ ስንቅ መያዝ ይሻላል። ውጪ ከበላችሁ እነዛን ትላልቅ የባህር ወፎች ተጠንቀቁ፣ ከህፃን እጅ አይስክሬም ነጥቀው ነው የሚሄዱት፣ ይሉኝታ የሚባል አያውቁም።

አመሻሽ ላይ ውሃው ሲሞላ ሲዮን በሚባለው ረጅም ዳርቻ በኩል አድርጋችሁ ወደ ጣቢያው መመለስ ትችላላችሁ፣ ባህሩ በጣም በሚሞላበት ቀን ግን ማዕበሉ ግድግዳውን እየመታ መንገዱ ድረስ ስለሚረጭ ልጆቹን ከጠርዙ አርቁ። ቅያሪ ካልሲና ሱሪ ቦርሳው ላይኛው ኪስ ውስጥ ይሁን፣ ባቡር ውስጥ ስር ስሩን መፈለግ አያስፈልግም።