ጭንቅላት ተመትቶ ራስ ምታት ሲከተል፦ ሲቲ ስካን መቼ፣ እንዴት፣ ከዚያስ?

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ሆስፒታል የሲቲ ስካን ክፍል ነው። በጨረር የጭንቅላቱን ውስጥ ፎቶ እኔ አነሳለሁ፤ ራዲዮሎጂስቱ ፎቶውን ያነባል፤ የላከው ሐኪም ይወስናል። ባጃጅ የገጨው፣ ከደረጃ የወደቀ፣ ኳስ ሜዳ ላይ ከሌላ ልጅ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት የተጋጨ፣ የበር ጉበን የመታው ሁሉ እኔ ጋ ይደርሳል። ብዙዎቹ በእግራቸው ገብተው በእግራቸው ይወጣሉ። ታማሚውም ሆነ አብሮት የመጣው ቤተሰብ ከማሽኑ የሚጠብቀው ግን ራስ ምታቱ ከየት እንደመጣ እንዲነግረው ነው። «ምንም የለም» ሲባል ወይ ማሽኑን ይጠራጠራል፣ ወይ ታማሚውን። ሁለቱም ይጎዳል።

ሲቲ ስካን የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው። ቅሉ ውስጥ ደም ፈሷል ወይ? አጥንት ተሰብሯል ወይ? አንጎሉ ቆስሏል፣ አብጧል፣ ወደ ጎን ተገፍቷል ወይ? ባጭሩ፣ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ዛሬውኑ ሊያየው የሚገባ ነገር አለ ወይ? ራስ ምታት ራሱ ፎቶ ላይ አይወጣም። ይህን ከመነሻው ያወቀ ቤተሰብ መቼ መሮጥ፣ መቼ መረጋጋት እንዳለበት ይለያል፤ ገንዘቡንም ያለ ቦታው አያወጣም።

ከፎቶው በፊት ሰውየውን እዩት

ሐኪሞች «ቀላል የጭንቅላት ጉዳት» የሚሉት በግላስጎው መለኪያ ከ15 ነጥብ ከ13 እስከ 15 ያገኘውን፣ ራሱን ስቶ ከነበረም ከ30 ደቂቃ ያላለፈውን ነው። በመለኪያው የሚታየው ዐይኑን እንዴት እንደሚገልጥ፣ እንዴት እንደሚናገር፣ ሲታዘዝ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ነው። በዚህ ክልል ውስጥ ከሚገኙት አብዛኞቹ ያለ ምንም ቀዶ ሕክምና ይድናሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ውስጣቸው ይደማል። ጥቂቶቹን ለመለየት ካናዳ ውስጥ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ መመሪያ አለ። ሰውየው ራሱን ስቶ ከነበረ፣ የሆነውን ከረሳ ወይም ግራ ከተጋባ፣ በዚያ ላይ ከሚከተሉት አንዱ ካለበት ይነሳል፦ ከአደጋው 2 ሰዓት በኋላም ሙሉ በሙሉ ካልነቃ፤ 2 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ካስመለሰው፤ ዕድሜው 65 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፤ ቅሉ ከተሰረጎደ፣ በዐይኑ ዙሪያ ወይም ከጆሮው ጀርባ ከጠቆረ፣ ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ከወጣ፤ ከአደጋው በፊት የነበረውን ግማሽ ሰዓት ጨርሶ ከረሳ፤ እግረኛ ሆኖ መኪና ከገጨው፣ ከመኪና ተወርውሮ ከወደቀ፣ ከ1 ሜትር ወይም ከ5 ደረጃ በላይ ከወደቀ።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ራስ ምታት የለም። ከሱ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ የወጣው የኒው ኦርሊንስ መመሪያ ግን ራስ ምታትንም ይቆጥራል። ስለዚህ አንዱ ሐኪም «ይነሳ»፣ ሌላው «እንጠብቅ» ቢላችሁ አንዳቸው ሥራቸውን አያውቁም ማለት አይደለም።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውና ከምቱ በኋላ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ የያዘው ሰው በካናዳው መመሪያ አይመዘኑም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። አገራችን ውስጥ በልብ ቫልቭ ችግር ዋርፋሪን የሚወስዱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ወጣት ስለሆነ፣ ቁስሉም ከላይ ስለማይታይ ቤተሰብ ነገሩን አቅልሎ ያየዋል። የመድኃኒቱን ስም ከበር ጀምራችሁ ተናገሩ።

አጥብቄ የምጠይቀው ሌላም አለ። መጠጥ የሸተተ ሰው ጭንቅላቱን ተመትቶ ሲያንቀላፋ «ጠጥቶ ነው፣ ይተኛበት» አትበሉ። ስካርና የአንጎል መድማት ከውጭ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፤ ሞቅ ያለው ሰው ደግሞ አወዳደቁን አያስታውስም። ጆሮ አካባቢ ያለው የቅል አጥንት ስስ ነው፤ ከሥሩ የሚያልፈው የደም ቧንቧ ሲቀደድ ሰውየው መጀመሪያ ተነሥቶ አቧራውን አራግፎ፣ አውርቶ፣ ሻይ ጠጥቶ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ በሰዓታት ውስጥ ራስ ምታቱ ይከብደዋል፣ ይፈዛል፣ አንዱ የዐይኑ ብሌን ይሰፋል። ቀድሞ በተገኘው መኪና ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ አምቡላንስ ከፈለጋችሁ የቀይ መስቀል 907 አለ።

ልጆችን በተመለከተ አሜሪካ ውስጥ ከ42,000 በላይ ሕፃናት የተካተቱበት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ለሐኪሞች ትልቅ እፎይታ ሰጥቷል። ዕድሜው 2 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ ንቁ ከሆነ፣ ራሱን ካልሳተ፣ ካላስመለሰው፣ ከባድ ራስ ምታት ከሌለበት፣ አወዳደቁ ከባድ ካልነበረና የቅል ስብራት ምልክት ካልታየበት ፎቶ አያስፈልገውም። ንቃቱ ያልተዛባና የቅል ስብራት ምልክት የሌለበት ሆኖ ከቀሩት ምልክቶች አንዱ ብቻ ያለበትንም ቢሆን ሐኪሙ ከአደጋው ጀምሮ ከ4 እስከ 6 ሰዓት አቆይቶ ሊከታተለው ይችላል። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግንባር ላይ ያለ እብጠት ብዙም አያሰጋም፤ ከጎን ወይም ከኋላ ያለው ያሰጋል። ደግሞም የእናት «ልጄ እንደ ወትሮው አይደለም» ማለት በመመሪያው ውስጥ ራሱን የቻለ ምልክት ነው። እናቶች፣ ይህን ስትናገሩ ድምፃችሁን ዝቅ አታድርጉ።

ከላይ ያሉት ምልክቶች ካሉ በየምርመራ ማዕከሉ ዋጋ እየጠየቃችሁ አትዙሩ። የምርመራ ማዕከል ፎቶ ሊያነሳ ይችላል፤ ቅል ከፍቶ ደም የሚያወጣ ሐኪም ግን የለውም። መጀመሪያ ድንገተኛ ክፍል ይግባ። ጸበል የሚሄድም ቢሆን አስቀድሞ ይታይና ይሂድ።

ማዘዣው ላይ ምን ይጻፍ

እኔን ከምንም በላይ የሚያስጨንቀኝ «ራስ ምታት» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ይዞ የሚመጣ ማዘዣ ነው። ራዲዮሎጂስቱ ታማሚውን አያየውም፤ የሚያየው ወረቀቱንና ፎቶውን ነው። ስለዚህ ወደ ሐኪሙ ስትገቡ በስልካችሁም ቢሆን ጽፋችሁ ያዙ፦ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ተመታ፣ የትኛው ጎን፣ ራሱን ስቶ ከነበረ ለምን ያህል ጊዜ፣ ስንት ጊዜ አስመለሰው፣ ምን መድኃኒት ይወስዳል። የመኪና አደጋ ከሆነ የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃውን አትተዉ፤ የሦስተኛ ወገን መድን ጉዳይ ላይ ያስፈልጋል።

ቀኑ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ ላሳያችሁ። ሲቲ ስካን እያንዳንዱን ነገር በጥግግቱ ይለካል፤ መለኪያው የተሰየመው በመሣሪያው ፈልሳፊ በሃውንስፊልድ ነው። ውሃ 0 ነው፣ አንጎል በግምት ከ20 እስከ 40፣ ትኩስ የረጋ ደም ከ50 በላይ። ለዚህ ነው አዲስ ደም ነጭ ሆኖ የሚታየው። ቀናት ሲያልፉ ግን ደሙ እየቀጠነ ይሄድና ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ የአንጎሉን ቀለም ይይዛል፤ በመጨረሻም ይጠቁራል። መሐል ላይ የተነሣ ፎቶ ላይ ደሙ ከአንጎሉ ጋር ተመሳስሎ ሊሰወር ይችላል። አንባቢው «ከ2 ሳምንት በፊት ወድቋል» የሚል ካየ በቀለም ብቻ ሳይሆን በአንጎሉ እጥፋቶች መገፋት ይፈልገዋል።

አንድ ከሰባ በላይ የሆኑ አባት ትዝ ይሉኛል። ልጃቸው ናት ይዛቸው የመጣችው። ማዘዣው «ራስ ምታት፣ ድካም» ይላል። አልጋው ላይ ላወጣቸው ስል የግራ እግራቸው ነጠላ ጫማ ወልቆ በር ላይ ቀርቷል፤ እሳቸው አላወቁም። ልጅቷ «ሰሞኑን እንዲህ ነው፣ የግራው ብቻ እየወለቀ ይቀራል» አለችኝ። ወድቀው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አልወደቁም። የመታዎት ነገርስ? «እህል ቤቱ ጉበን ነካ አድርጎኝ ነበር፤ ደም እንኳ አልወጣም»፤ አንድ ወር ሊሞላው ነበር። በቀኝ በኩል ከቅሉ ሥር እንደ ሐብሐብ ቁራጭ የታጠፈ ጥቁር ግራጫ ደም ተኝቶ አንጎሉን ወደ ግራ ገፍቶታል። ቅላቸው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ ደሙ ወጣላቸው። ዕድሜ ሲገፋ አንጎል እየሳሳ ስለሚሄድ ወደ ቅሉ የሚሻገሩት ቀጫጭን ደም ሥሮች ይወጠራሉ፤ ቀላል ምት ይበጥሳቸዋል፣ ደሙም ቀስ ብሎ በሳምንታት ይጠራቀማል። አባት እናት ያላችሁ፣ ከምት ሳምንታት በኋላ ራስ ምታት፣ መርሳት፣ የአንድ ጎን መዛል ካያችሁ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉ።

የትኛው ምርመራ? ክፍሉ ውስጥስ?

የራስ ቅል ራጅ አይበቃም፤ አጥንቱን እንጂ ደሙን አያሳይም። ለአዲስ ጉዳት የሚታዘዘው ሲቲ ስካን ያለ ኮንትራስት ነው። በክንድ የሚሰጥ መድኃኒት የለውም፣ መጾምም አያስፈልገውም። ጨረሩ ወደ 2 ሚሊሲቨርት ነው፤ ሰው በአንድ ዓመት ከተፈጥሮ ከሚያገኘው ጋር ይቀራረባል። ለአዋቂ አንድ ጊዜ የሚያስፈራ አይደለም፤ «ለማንኛውም» እየተባለ ለልጅ የሚደጋገም ግን አይደለም። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ተናገሩ፤ ጨረሩ ያነጣጠረው ራስ ላይ ስለሆነ ፅንሱ ጋ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው፣ ሐኪሙ ካስፈለገ ያነሳል።

ከመግባታችሁ በፊት የፀጉር ጌጥ፣ ስፒል፣ የጆሮ ጉትቻ፣ ከማተብ ላይ ያለ የብረት መስቀል፣ የሚወልቅ ጥርስ ይውጣ። ዊግ ውስጥ የተሰፋ ብረት ይረሳል፤ ፎቶው ላይ ጨረር የመሰለ ነጭ መስመር ይረጭና ደሙን ይሸፍናል። ሹሩባ መፍታት ግን አያስፈልግም። ማንሳቱ ራሱ የሚፈጀው ሰከንዶች ነው፤ በነዚያ ሰከንዶች ጭንቅላት መንቀሳቀስ የለበትም። ሕፃን ከሆነ አጥብታችሁ፣ በጋቢ ጠቅልላችሁ አምጡት፤ እንቅልፍ ቢወስደው ማደንዘዣ ላያስፈልግ ይችላል።

በኃይለኛ ማግኔት የሚሠራው ኤምአርአይ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል፣ ዋጋውም ይከብዳል፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚመረጠው እሱ አይደለም። የሚያስፈልገው ሲቲው የማያብራራው ድክመት፣ የመናገር ችግር፣ መንቀጥቀጥ ወይም እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት ሲኖር ነው። ሲቲ የማያየውን የነጠብጣብ ያህል ደም ያያል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ቀላል ጉዳት ደርሶባቸው ሲቲያቸው ደህና ከሆኑት 27 በመቶው ኤምአርአይ ላይ ለውጥ ታይቶባቸዋል። ያ ግን በአብዛኛው ሕክምናውን አይቀይረውም። በሰውነታችሁ ውስጥ ጥይት ወይም ፍንጣሪ ቀርቶ ከነበረ፣ ዐይናችሁ ውስጥ የብረት ብናኝ ገብቶ ከነበረ ወይም የልብ ምት መቆጣጠሪያ ካላችሁ ወደ ክፍሉ ሳትገቡ ተናገሩ። ጦር ግንባር የነበሩ ሰዎች ይህን በራሳቸው አያነሡትም፤ ልጆቻቸው ጠይቋቸው።

ውጤቱ «ደህና ነው» ሲል

ሪፖርቱን ስትቀበሉ መጨረሻ ላይ ያለውን ማጠቃለያ ከሐኪሙ ጋር አንብቡ፤ ሲዲውን ወይም ፊልሙን ተረክባችሁ አስቀምጡ፤ ሌላ ፎቶ ቢነሣ ማወዳደሪያ እሱ ነው። «ሳይነስ» (በአፍንጫ ዙሪያ ያሉ የአጥንት ክፍተቶች)፣ «ካልሲፊኬሽን» (የካልሲየም ክምችት) የሚሉ ቃላት ብዙ ጊዜ ከምቱ ጋር አይገናኙም፤ ጠይቁ እንጂ ሌሊቱን አትጨነቁባቸው።

ደህና የሆነ ፎቶ ሕመሙ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ከምት በ7 ቀን ውስጥ የሚጀምር ራስ ምታት በሐኪሞች ዘንድ ስም ያለው በሽታ ነው፤ ማዞር፣ ብርሃንና ድምፅ መጥላት፣ ትኩረት ማጣት አብረውት ይመጣሉ። ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ይለቃል፤ ከ3 ወር ካለፈ የነርቭ ሐኪም ይየው። ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ አይብለጥ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ መድማትን ሊያግዙ ስለሚችሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሐኪም ሳያዝዝ አይወሰዱ። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት የሚዋጥ ማስታገሻ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል፤ ይህን ስንት ሰው አያውቀውም!

አንድ ሁለት ቀን ዕረፍት፣ ስልክና ቴሌቪዥን መቀነስ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ሳምንት መተኛት አያድንም። ሐኪም አይቶት የተሸኘ ሰው እንቅልፍ መተኛት ይችላል። ቡና በቀን ሦስቴ የለመደ ሰው በአንዴ ቢያቆም ያም ራሱን ያመዋል፤ ውሃ ሳይቀምሱ መዋልም ያባብሳል፤ ጾም ላይ ከሆናችሁ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ።

የመጀመሪያውን ሌሊትና ማግስቱን ብቻውን አይደር። ራስ ምታቱ እየከበደ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ንግግሩ ከተወለካከፈ፣ አንድ ጎኑ ከዛለ ወይም ካንቀጠቀጠው፣ ሲዲውን ይዛችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ተመለሱ። ሁለተኛ ፎቶ የሚያስፈልገው እንዲህ ሲሆን ነው። ሕመሙ ባለበት ቆሞ ወይም እየቀለለ፣ ሰውየው እየበላና እየተጫወተ ከሆነ ግን ለማረጋገጫ ብላችሁ ደግማችሁ አታስነሱት፤ ገንዘቡን ለክትትል ቀጠሮው ያዙት።