አዲስ ኤሌክትሪክ ጊታር ሲረከቡ

አዲስ ጊታር ሁሉ እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም። የሚያብረቀርቅ ቀለም ዓይን ይሸነግላልና መጀመሪያ እጅዎን በአንገቱ ጠርዝ ከላይ እስከ ታች ያሳልፉ። የፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) ጫፍ እንደ መጋዝ ጥርስ ከቧጠጠዎት፣ ወይ እንጨቱ ደርቆ ተኮማትሯል፣ ወይ ፋብሪካው ጫፋቸውን በወጉ አልሞረደም።

ከዚያ ቃኝተው እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ይምቱ። አሰልቺ ነው፤ ግን ዋናው ፍተሻ ይኸው ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ድምፁ ከተንጣጣ ወይም ከታፈነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥሎ ወደ ድልድዩ (ክሮቹ የጊታሩ አካል ላይ ወደሚያርፉበት ክፍል) በኩል ያለው ፍሬት ከሌሎቹ ከፍ ብሏል። ይህ የፋብሪካ ጉድለት ነው። በየቦታው የሚንጣጣ ከሆነ ግን ክሮቹ ከልክ በላይ ዝቅ ብለው ወይም አንገቱ ወደ ኋላ ጎብጦ ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ በመፍቻ ይስተካከላል። 12ኛው ፍሬት ላይ የሚሰማው ድምፅ ከባዶው (በጣት ካልተጫኑት) ክር በትክክል አንድ ኦክታቭ ከፍ ማለት፣ ማለትም ያው ድምፅ በቀጭኑ መሰማት አለበት። በጥቂቱ ከሳተ አይደናገጡ፤ ለዚሁ የተሠሩ ብሎኖች ድልድዩ ላይ አሉ። እንደ ጨርቅ የተጠማዘዘ አንገት ካዩ ግን ሳያመነቱ ይመልሱ።

ከአምፕሊፋየር ጋር አገናኝተው መቆጣጠሪያዎቹን ያዙሩ፣ የፒክአፕ (የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) መምረጫውን ይቀያይሩ፣ ገመዱን መሰኪያው ላይ በቀስታ ያነቃንቁ። ድምፁ ቢቆራረጥ ሻጩ «ሲለመድ ይተዋል» ሊልዎት ይችላል። አይተውም፤ የላላ መሰኪያ እየባሰበት ነው የሚሄደው።

ይህን ሁሉ ክር ከመቀየርዎና ብሎን ከመንካትዎ በፊት ያድርጉ፤ የተነካካ ዕቃ አልመልስም የሚል ሻጭ አይጠፋም።