ግላስተር ሲያስቸግር፦ ቮልዩሙን ከመነካካታችሁ በፊት

ግላስተርኤፍኤስ (የብዙ ሰርቨሮችን ዲስክ «ቮልዩም» በሚባል አንድ ትልቅ ማከማቻ የሚያቀርብ ሶፍትዌር) የምትጠቀሙ ሰዎች ስትደውሉልኝ የመጀመሪያ ቃላችሁ «ቮልዩሙ ተበላሸ» ነው። ብዙ ጊዜ ቮልዩሙ ምንም አልሆነም። ስሩ ያለው ሰርቨር ወይም ዲስክ ነው የታመመው። ስለዚህ መጀመሪያ «ፒር ስታተስ» (ሰርቨሮቹ እርስ በርስ መገናኘታቸውን የሚያሳይ ትዕዛዝ)፣ ቀጥሎ «ቮልዩም ስታተስ»፣ ካሽ (ለፍጥነት የሚያዝ ጊዜያዊ ቅጂ) መጨረሻ። (ካሽ ስል ብሩን አይደለም፤ እሱም ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።)

«መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዱ ብሪክ አልነሳ አለ»

ብሪክ ማለት አንድ ሰርቨር ለቮልዩሙ የሚሰጠው የዲስክ ፎልደር ነው። ቮልዩም ስታተስ ላይ «ኦንላይን» በሚለው ዓምድ ስር «ኤን» («ኖ» ማለት ነው) ታያላችሁ። ሰርቨሩ ተነስቷል፣ ዲስኩ ግን ማውንት አልሆነም (ከፎልደሩ ጋር አልተያያዘም)። ፎልደሩ አለ፤ ባዶ ነው። ግላስተር እያንዳንዱ ብሪክ ላይ የቮልዩሙን መለያ ጽፎ ያስቀምጣል፣ መለያውን ካጣው ብሪኩን አያስነሳም፤ ደግ አደረገ! እኔ አንዴ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንቅልፍ እያዳፋኝ ባዶው ፎልደር ላይ መለያውን በእጄ ጻፍኩለትና ሙሉ ሂል (ፋይሎቹን ከጤነኛው ብሪክ መልሶ መገልበጥ) አዘዝኩ። ብሪኩ ተነሳ፣ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ሳየው ፋይሉን ሁሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ባለበት ዲስክ ላይ ሲገለብጥ አድሮ ጢም አድርጎ ሞልቶታል። ይሄ ሁሉ መከራ ዲስኩን ማውንት ባለማድረጌ ነው። እናንተ ማውንት አድርጉት፣ ውስጡ ፋይል መኖሩን በዓይናችሁ እዩ፣ ከዚያ «ቮልዩም ስታርት ፎርስ» በሉ። «ፎርስ» የሚለው አያስደንግጣችሁ፤ እዚህ ጋ የሞተውን ብሪክ ብቻ ነው የሚያስነሳው።

«ሰርቨሩ ፒር ሪጀክትድ ይላል»

የእሱ የቮልዩም ኮንፊገሬሽን ከሌሎቹ ጋር አልገጠመም ማለት ነው። የተገፋው ሰርቨር ላይ ብቻ ግላስተርዲን (ግላስተርን የሚያስተዳድረውን ፕሮግራም) አቁሙ። ቫር ስር፣ ሊብ ውስጥ ያለውን የግላስተርዲ ፎልደር ባካፕ ያዙና «ግላስተርዲ ነጥብ ኢንፎ» ከምትለዋ ፋይል በቀር ያለውን ሁሉ አጥፉ። አስነሱት፣ ጤነኛውን ሰርቨር «ፒር ፕሮብ» አድርጉ (ሁለቱን ሰርቨሮች የሚያስተዋውቅ ትዕዛዝ ነው)፣ አንዴ ደግሞ ሪስታርት። ያቺ ፋይል የሰርቨሩ መታወቂያ ናት፤ እሷን ካጠፋችሁ ሌሎቹ «ማነህ አንተ?» ይሉታል። ቨርቹዋል ማሽን ኮፒ አድርጋችሁ አዲስ ሰርቨር ከሰራችሁና ፕሮቡ «መለያው አንድ ነው» ብሎ እምቢ ካለ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ጋ አዲሱ ማሽን ላይ የምትጠፋው እሷው ናት።

«ዲስኮኔክትድ» ብቻ ካለ ደግሞ ፋየርዎሉን እዩ። ፖርት 24007፣ ለብሪኮቹ ከ49152 ጀምሮ።

«አንድ ሰርቨር ሲጠፋ ሁሉም ቀጥ ብሎ ይቆማል»

ሰዓት ያዙ። 42 ሰከንድ ከሆነ ብልሽት አይደለም፣ የፒንግ ታይምአውት (ክላየንቱ፣ ማለትም ቮልዩሙን የሚጠቀመው ማሽን፣ መልስ ያጣበትን ሰርቨር የሚጠብቅበት ጊዜ) ዲፎልቱ ነው። ወደ 3 ወይም 5 የሚያወርዱት አሉ፤ አልመክርም። ኔትወርኩ ትንሽ በተንገዳገደ ቁጥር ክላየንቱ ሰርቨሩን ሞተ ብሎ ይቆርጠውና እንደገና ለመገናኘት የሚበላው ጉልበት ከዝምታው ይብሳል።

«ፋይሉን ቀየርኩ፣ ሌላው ማሽን አሮጌውን ያሳያል»

አሁን ካሹ ጋ ደረስን። ክላየንቱ የፋይሉን መጠን፣ ሰዓትና ፈቃድ የሚይዝበት ጊዜ ዲፎልቱ 1 ሰከንድ ነው። አንድ ሰው «ፍጥነት ይጨምራል» ተብሎ 600 አድርጎታል፣ ካሽ ኢንቫሊዴሽኑን (ፋይል ሲቀየር ሰርቨሩ ለክላየንቱ የሚያሳውቅበትን) ግን አላበራም። ስለዚህ ሰርቨሩ ለውጡን አይነግረውም፤ ክላየንቱ እስከ 10 ደቂቃ አሮጌውን ይዞ ይከርማል። 600ውን ከፈለጋችሁ «ፊቸርስ» ስር ያለውንም «ፐርፎርማንስ» ስር ያለውንም ኢንቫሊዴሽን አብሩ። አንዱን ብቻ ማብራት ዋጋ የለውም። አለዚያ ወደ 1 መልሱት።

«ኢንፑት አውትፑት ኤረር አንድ ፋይል ላይ ብቻ»

ስፕሊት ብሬን ነው (የፋይሉ ቅጂዎች ተለያይተው ግላስተር ትክክለኛውን መለየት አቅቶታል)፣ ሬፕሊካ 2 (ሁለት ቅጂ ብቻ) ላይ ናችሁ ብዬ እወራረዳለሁ። በ«ሂል ኢንፎ ስፕሊት ብሬን» ፋይሉን ለዩት፤ ሁለቱንም ቅጂ ከየብሪኩ ሌላ ቦታ ገልብጡና ክፈቷቸው፣ ከዚያ በመጨረሻ የተጻፈው ይብቃችሁ እንደሆነ ወስኑ። ዘላቂው ነገር ግን ሶስተኛ ሰርቨር በአርቢተርነት (በዳኝነት) መጨመር ነው። አርቢተሩ የፋይል ስምና ሜታዳታ እንጂ ይዘቱን ስለማይዝ ትንሽ ዲስክ ይበቃዋል።